የተገለበጠ ጉንጉን

ሰብለወርቅ ካልሲዎቹን በነጭ ፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛቸዋለች። ቫኑ በተንገጫገጨ ቁጥር እጇን ትጭንባቸዋለች።

«ሱፍ እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም» አለቻት ውባለም፣ መሪውን በአንድ እጇ እንደያዘች። «ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንቺ መንገድሽን እዪ።»

ውባለም ከማንም በላይ መንገድ ታውቃለች። ሥራዋ በዚህ ቫን አረጋውያንንና ሕሙማንን ከነዊልቸራቸው እያነሳች ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ኦፍ ናት፤ የመጣችውም ለጓደኛዋ ብላ ነው። ከኋላቸው ዊልቸራቸው በቀበቶ ታስሮ የተቀመጡት አዛውንት ሚስተር ሮይ ናቸው። ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር ያለበት፣ ኪልት የሚሉትን የስኮትላንዶች ጉርድ ለብሰዋል። ከጉልበታቸው በታች እግራቸው ባዶ ነው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ደም ሥሩ የሚታይ። ካልሲውን የበዓሉ ሜዳ ላይ ስንደርስ ነው የማደርገው ብለዋል፣ ሙቀቱን ፈርተው።

ውባለም በመስታወቱ ወደ ኋላ አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ሰብሊ፣ ሽማግሌሽ በቀሚስ ወጡ እኮ።»

«ቀሚስ አይደለም። ኪልት ነው። የወንድ ልብስ ነው።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ አምሮባቸዋል። ባሌ ቢሞክረው ግን በር ዘግቼ ነው የምቀመጠው።»

«ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» አሉ ሚስተር ሮይ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብለው።

«አምሮብዎታል እያለች ነው» አለች ሰብለወርቅ። መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም።

ሚስተር ሮይን መንከባከብ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አዲሰን በምትባለው ከተማ፣ ከቢሮዎቹና ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየጠዋቱ ከምትኖርበት ከግራንድ ፕሬሪ እየመጣች ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ቀኑ ጸጥ ሲል እሳቸው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ለቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ኮፍያ፣ ለጎረቤት አራስ ጫማ። እጇ ባዶ ሆኖ አይታወቅም። እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛባታል።

አንድ ቀን፣ ጸደይ ሳያልቅ፣ ሚስተር ሮይ ጠሯት።

«ከቁም ሣጥኑ ሥር ቅርጫት አለ። አምጪው።»

ስታመጣው አልነኩትም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«የማርጀሪ ነው። ለስኮትላንዶች በዓል ካልሲ ጀምራልኝ ነበር፤ አንዱ አልቋል መሰለኝ። ሁለተኛውን ትሠሪልኛለሽ? ልጄ በበጋው መጨረሻ ወደ ኦሪገን ልትወስደኝ ነው። ከእንግዲህ እዚህ በዓል ላይ አልገኝም።»

ማርጀሪ ሚስታቸው ናቸው። ሰብለወርቅ ከመቀጠሯ በፊት ሞተዋል። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ረጅም፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ የመሰለ ግራጫ ካልሲና ጥቂት የሱፍ ክር ጥቅሎች ነበሩ። ቤቷ ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ተረከዙ የዞረበትን መንገድ አይታ ቀናች። የእግሩ ርዝመት፣ የጣቱ አዘጋግ፣ ሁሉም የባለሙያ እጅ ሥራ ነው። አፉ ላይ ስትደርስ ግን ደነገጠች። ከጉልበት በታች በሚውለው ሰፊው የካልሲው አፍ ዙሪያ ድንቅ ጉንጉን ተሠርቷል፤ እንደ ሹሩባ የሚጠላለፍ። ጉንጉኑ ግን ያለው በውስጥ በኩል ነው። በውጭ የሚታየው ግልባጩ ነው፤ እብጥ እብጥ ያለ፣ መልክ የሌለው።

ማርጀሪ በመጨረሻ አእምሯቸው ደክሞ እንደነበር ከጎረቤት ሰምታለች። ታየቻት ያቺ ሴት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቱንና ጀርባውን ሳትለይ ጉንጉን የምትጎነጉን። አንጀቷን በላት። ይህ የሰው ገበና ነው አለች ለራሷ። ባል አያየውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መቀሷን አነሳች። አፉ ከእግሩ በሚገናኝበት መሥመር ላይ አንዲት ክር ቆረጠች፤ ዙሪያውን በቀስታ እየሳበች አወጣችው። ካልሲው ለሁለት ተለየ። በሁለቱም በኩል ክፍት የቀሩትን ትንንሽ የክር ቀለበቶች በመርፌ ሰበሰበቻቸው። አፉን ገልብጣ ጉንጉኑን ወደ ውጭ አወጣችና ቀለበት ከቀለበት እያገናኘች ሰፋችው። መጋጠሚያው አይታወቅም። ከዚያም ሁለተኛውን ካልሲ ያንኑ አስመስላ ሠራች። ለማንም አልተናገረችም።

ይህን ነገር የለመደችው ከእናቷ ነው። አባቷ በደርግ ዘመን ሲታሰር እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። እስር ቤት ወንዶችም ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ መርፌያቸው ከብስክሌት ጎማ የወጣ ሽቦ፣ ሲሚንቶ ላይ ተፍቆ የሾለ። ለአንድ እንቁጣጣሽ ለእሷ ቀይ ሹራብ ላከላት። አንደኛው እጅጌ ከሌላው በጣም ይረዝም ነበር። እናቷ በሩን ዘጋችና እጅጌውን መተርተር ጀመረች። «ጎረቤት ካየው እጁን ምን አድርገውት ይሆን ይላል» አለች። ያን ቀን ነው ሰብለወርቅ ቀለበት በመርፌ መያዝን የተማረችው። አባቷ ሲፈታ ሹራቡ ገና ይበቃት ነበር። አጠገቡ አስቁሞ ሁለቱን እጅጌዎች በጣቶቹ ይዞ አንዱን ከሌላው ጋር ለካቸው። እኩል ነበሩ። ምን እንዳሰበ ሳትጠይቀው ሞተ።

«ደረስን» አለች ውባለም። «የት ፓርክ ላድርግ? ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለቀሚስ ነው?»

ሜዳው ላይ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ያቃጥላል። ባግፓይፕ የሚሉት ከረጢት ያለው ዋሽንት ከሩቅ ያለቅሳል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። በየድንኳኑ ደጃፍ የቤተሰብ ስም ተጽፏል፤ ሰው የአያት ቅድመ አያቱን ስም እያነበበ ድንኳኑን ይፈልጋል።

«ዘር ቆጠራ ሰለቸን ብለን መጥተን» አለች ውባለም ዊልቸሩን እየገፋች፣ «እዚህ ደግሞ በድንኳን አድርገውታል።»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

«በአማርኛ? ይልቅ ያ ምንድን ነው የሚሸተው?»

ሰብለወርቅ በእንግሊዝኛ ጠየቀችላት፤ ሚስተር ሮይ ነገሯቸው። የበግ ሳንባና ጉበት ተከትፎ፣ በቅመም ታሽቶ፣ ጨጓራው ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ነው።

«ዱለት ነዋ!» አለች ውባለም። «ዱለትን ቀቅለው አበላሹት እንጂ። አንቺ የሰኔ ጾምሽን ጹሚ፣ እኛ ጴንጤዎች እንቅመሰው።»

ሰብለወርቅ አልመለሰችላትም። ፊት ለፊቷ አንድ ግዙፍ ሰው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር። ካልሲው ከጉልበቱ በታች ታጥፏል። አፉ ወደ ውጭ ተመልሶ ወደ ታች ወርዷል፤ በእጥፋቱ ላይ ጉንጉኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቆመች። ሰውየው ሄደ። ሌላ መጣ፤ የእሱም ታጥፏል። ከዚያ በኋላ የሰው ፊት አላየችም፤ እግር ብቻ። ያለ እጥፋት የቆመ አንድም የለም። ሲታጠፍ ውስጡ ውጭ ይሆናል። ማርጀሪ ይህን አውቀው ነው ጉንጉኑን ወደ ውስጥ የሠሩት። ቤት ውስጥ ያለው ፎቶግራፋቸው ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ በጋዎቹን ሁሉ ሚስተር ሮይን ያየቻቸው በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነው። ናሙና በእጄ እያለ ሰው ምን ብዬ እጠይቃለሁ ብላ ነበር።

ፎጣውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ውባለምን በክንዷ ጎተተቻት።

«ውቢ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

ነገረቻት፤ ስለ መቀሱም፣ ስለ ግልባጩም። ውባለም ካልሲዎቹን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ታዲያ? እጠፊያቸዋ።»

«ሲታጠፍ ግልባጩ ነው የሚወጣው። አየሽ? ይህ ነው የሚታየው።»

«ኦኬ፣ ሳታጥፊ አልብሻቸው።»

«ጉልበታቸውን አልፎ ይወጣል። ደግሞ ያውቁታል ውቢ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለበሱት ነው። ሚስታቸው የሠሩላቸው እኮ ነው።»

ውባለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው ሴትዮዋ ናቸው እንዲህ ያደረጉት በያቸው። አእምሯቸው ደክሞ ነበር አላልሽም? ሙት አይከራከርሽም።»

ሰብለወርቅ ፀሐይ ላይ ቆማ በረዳት። ያስፈራት ውሸቱ አልነበረም፤ እንደሚያምኗት ማወቋ ነው። እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነው ብትል ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀበላሉ። የማርጀሪ የመጨረሻ ሥራ የእብድ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

በድምፅ ማጉያው ሰልፉ በቅርቡ እንደሚጀመር ተነገረ። ቤተሰቦች ሁሉ በየባንዲራቸው ተሰልፈው ሜዳውን ይዞራሉ። ሚስተር ሮይ ከጸደይ ጀምሮ ያወሩት ስለዚህ ነው።

«ውሰጃቸው» አለቻት። «እዚያ ግንድ እየወረወሩ ወደሚወዳደሩት ሰዎች ውሰጃቸው። አቆያቸው።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ዝም ብለሽ ውሰጃቸው።»

ከአንድ ድንኳን ጀርባ፣ ጥላ ያለበት ሳር ላይ ተቀመጠች። መርፌና መቀስ ከቦርሳዋ አይጠፉም። የማርጀሪን ካልሲ አወጣችና ራሷ የሰፋችበትን ክር ፈለገችው። እንዳይታወቅ ብላ አሳምራ ደብቃዋለች፤ አሁን ለራሷም አልታወቅ አላት። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ጫፉን አገኘችውና ሳበችው። ካልሲው እንደገና ለሁለት ተለየ። ቀለበቶቹ ተከፍተው ቀሩ፤ እያንዳንዱ ካመለጠ የማርጀሪን ሥራ እየፈታ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ትንፋሿን ይዛ በመርፌ ሰበሰበቻቸው። አፉን ወደ ቀድሞው ገለበጠችውና መስፋት ጀመረች። ከግማሽ በላይ እንደሄደች የዊልቸሩን ጎማ ድምፅ ሰማች።

«አልቀመጥ አሉኝ» አለች ውባለም እያለከለከች። «የት ሄደች፣ የት ሄደች፤ እኔን ሊሰሙኝ?»

ሚስተር ሮይ ሰብለወርቅን ሳይሆን እጇ ላይ ያለውን ነው የሚያዩት፤ ወገቡ ክፍት የሆነ ካልሲ፣ በላዩ የተሰካ መርፌ።

«ምን ሆነ?»

ከሳሩ ላይ ልትነሳ ሞከረች፤ ቀለበቶቹ እንዳያመልጧት ፈርታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጥፋት ሠርቻለሁ፣ ሚስተር ሮይ። ይህ የማርጀሪ ነው። አፉ እንደሚታጠፍ አላወቅሁም። ጉንጉኑን በውስጥ ሳየው... ተሳስተው ነው ብዬ አሰብሁ። ቆርጬ ገለበጥሁት። እርስዎ እንዳያዩት ብዬ ነው። አሁን ወደ ነበረበት እየመለስሁት ነው።»

ባግፓይፑ ከሩቅ አንድ ዜማ ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«ቆረጥሽው» አሉ።

«አዎ። አንዲት ክር። ሌላው የእጃቸው ሥራ እንዳለ ነው።»

«ስታገኚው ጥፋት ነበረበት?»

«ምንም። እኔ ነኝ ጥፋት ያልኩት።»

«ተረከዙስ?»

«ተረከዙ ከእኔ ይበልጣል።»

«የተዘለለ፣ የተረሳ፣ ያልተያዘ ነገር?»

«አንድም አላየሁም።»

ሚስተር ሮይ እጃቸውን በባዶ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«በመጨረሻው ክረምት ስሜን አታውቀውም ነበር» አሉ። «ሁላችንም እንሸፍንላት ነበር። ሾርባው ላይ ጨው ደጋግማ ስትጨምር ልጄ ትደፋውና ሌላ ትሠራለች። እማዬ፣ ሾርባሽ ይጣፍጣል እንላታለን። ሹራቧን ግን አላቋረጠችም፤ ማታ ማታ መርፌዎቹ ሲጋጩ እሰማ ነበር። እዚያ ቅርጫት ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ፈርቼ ነው አንቺን ያዘዝሁሽ።»

«ምን ይሆናል ብለው ፈሩ?»

«ካልሲ ያልሆነ ነገር።» ቀና ብለው አፈጠጡባት። «እውነትሽን ነው? ወይስ አንቺም እየሸፈንሽላት ነው?»

ሰብለወርቅ ወደ ፎጣው አየች። አንዴ ሸፍናለችና እንዴት ብለው ይመኗት? ብትምል ሸፋኝም ይምላል። ብታለቅስ ሸፋኝም ያለቅሳል።

ከፎጣው ውስጥ የራሷን ካልሲ አወጣች። ተንበርክካ በግራ እግራቸው ላይ አጠለቀችውና አፉን አጠፈችው። ግልባጩ ወጣ፤ እብጥ እብጥ ያለው፣ መልክ የሌለው። ከዚያ በመርፌ የተያዘውን የማርጀሪን ካልሲ ከጎኑ አስጠግታ አፉን አጠፈችው። ጉንጉኑ ብቅ አለ።

«ይህ የእኔ ነው» አለች። «ጤነኛ ነኝ፣ አእምሮዬ ሙሉ ነው፣ ተሳሳትሁ። ይህ ደግሞ የእሳቸው ነው። መሸፈን ብፈልግ ኖሮ የራሴን አላሳይዎትም ነበር።»

ሚስተር ሮይ ጎንበስ ብለው የማርጀሪን ጉንጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው። የእሷንም ዳሰሱት። መልሰው የማርጀሪን። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረና በኪሳቸው መሐረብ ፈለጉ።

«እጇ ያውቅ ነበር» አሉ። «አየሽ? እኔን ረስታ እጇ ያውቅ ነበር።»

ማጉያው እንደገና ጮኸ።

«ሰብሊ፣ እየተሰለፉ ነው» አለች ውባለም። «የሳቸው ባንዲራ ያ ሰማያዊው አይደል?»

«የእኔን ለመገልበጥ ጊዜ የለም። ይህን ልጨርስና ያኛው እግር ባዶውን ይሂድ» አለች ሰብለወርቅ።

«አይሆንም» አሉ ሚስተር ሮይ። «ሁለቱንም አደርጋለሁ።»

«ሰው ያያል! ይስቁብዎታል።»

«ይዩ። የቱ የማርጀሪ እንደሆነ ይለያሉ።»

የቀረውን በጥድፊያ ሰፋች። ጣቶቿ ይንሸራተታሉ፤ ክሩን ትስባለች፤ ትስባለች፤ ቋጠረችውና ቆረጠችው። በቀኝ እግራቸው አጠለቀችላቸው፣ አጠፈችው፣ ጫማቸውን አሰረችላቸው። ውባለም ዊልቸሩን በሳሩ ላይ እየገፋች ሮጠች፤ ከባንዲራው ኋላ፣ ከአንድ ሙሉ የቤተሰብ ጭፍራ ጋር ተቀላቀሉ። ሰብለወርቅ ከጎን ትሄዳለች። ከበሮው ተመታ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ጥቂት እንደሄዱ አየችው። በቀኙ ካልሲ፣ በእጥፋቱ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ቀለበት ብቅ ብላለች። በጥድፊያ ያልያዘቻት ናት። እግራቸው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከሥሯ ያለው የማርጀሪ ሥራ ነው፤ እስከ ተረከዙ ድረስ።

ጎንበስ ብላ ቀለበቷን በሁለት ጣቶቿ ያዘቻት። ዊልቸሩ አልቆመም፤ እሷም እንደጎበጠች አብራ ሄደች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ውባለም። «ቀጥ በይ እንጂ፣ ሕዝብ እያየን ነው!»

«ቀስ ብለሽ ግፊ፣ ታመልጠኛለች!»

«ማናት የምታመልጥሽ?»

«ቀለበቷ! ዞረሽ አትዪኝ፣ ጉድጓድ አለ፣ ፊትሽን እዪ!»

«እኔ ጌታ ኢየሱስን፣ ማን ናት ቢሉኝ አላውቃትም ነው የምለው።»

ሚስተር ሮይ ወደ ታች አዩ። ምን እንደሆነ ሳትነግራቸው ገባቸው። ቀኝ እግራቸውን እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት እጃቸው ጭነው ያዙት። ከገመዱ ወዲያ የቆመው ሕዝብ ያጨበጭብ ጀመር፤ አንዲት ሴት ወደ ካልሲዎቹ እየጠቆመች ለባሏ አንድ ነገር ነገረችው። ሰብለወርቅ ቀና ብላ አላየችም። ወገቧ ይቆረጣል፣ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ጣቶቿ ግን አልላሉም። ሜዳው ገና ግማሹ ይቀራል።